የፕሬዚዳንቱ ብዕር

እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ አንድ ቁጥር ይዤ መጥቻለሁ፤ 2.6 በመቶ። እ.ኤ.አ. በ1928 በጀርመን ምርጫ የሂትለር ፓርቲ ያገኘው ድምፅ ነው። በጁላይ 1932 ግን 37.3 በመቶ ደረሰ።

ብዙዎቻችን ይህን የምናያይዘው ከዋጋ ንረቱ ጋር ነው። እርግጥ 1923 አስፈሪ ዓመት ነበር። ሚስቶች ፋብሪካ በር ላይ ቆመው የባሎቻቸውን የዕለት ደመወዝ ይቀበሉና ዋጋው ሳይጨምር ወደ ዳቦ ቤት ይሮጡ ነበር። የዕድሜ ልክ ቁጠባ አንድ ዳቦ መግዛት አቃተው። ነገር ግን 2.6 በመቶው የተመዘገበው ከዚህ ሁሉ መከራ 5 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ችግሩ ብቻውን ሂትለርን አላመጣም እላለሁ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ 1930 ነው። የአሜሪካ ብድር ደርቋል፤ ሥራ አጡ በዝቷል። የመንግሥቱ መሪ ቻንስለር ብሩኒንግ የመንግሥትን ወጪ የሚቀንስ የቁጠባ ዕቅዱን ሲያቀርብ ምክር ቤቱ አልቀበልም አለ። ፕሬዚዳንቱ በአስቸኳይ ጊዜ ያለ ምክር ቤት ድንጋጌ እንዲያወጣ የሚፈቅድለትን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 48 ጠቅሶ በአስቸኳይ ድንጋጌ አወጀው። ምክር ቤቱ ድንጋጌውን ሻረ፤ ወዲያው ራሱ ተበተነ፤ ድንጋጌው ተመልሶ ወጣ። በተከተለው ምርጫ የናዚ መቀመጫ ከ12 ወደ 107 አሻቀበ።

ፈራሚው ፕሬዚዳንት ሂንደንበርግ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሠራዊቱን የመራው፣ በ1919 ደግሞ «ሠራዊታችን ከጀርባው ተወጋ» ብሎ ሽንፈቱን በሌሎች ላይ ያላከከው ያው የጦር አዛዥ። የተሸነፈው አዛዥ እንደ አገር አባት ታይቶ በሕዝብ ድምፅ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከጦርነቱ ጠባሳ ሁሉ እኔን በጣም የሚያመኝ ይህ ነው።

ከምርጫው በኋላ ሶሻል ዴሞክራቶቹ የባሰ እንዳይመጣ ፈርተው ድንጋጌዎቹን በዝምታ አሳለፉ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ የማደርግ ይመስለኛል፤ ይህን ሳስብ ልቤ ይከብዳል። ሥራ አጡ 6 ሚሊዮን ሲደርስ ያለ ምክር ቤት መገዛት ተለምዶ ነበር። በጃንዋሪ 1933 ሂትለርን ቻንስለር አድርጎ የሾመውም ያው የሂንደንበርግ እጅ ነው።

ማርች 23 ምክር ቤቱ በክሮል ኦፔራ ቤት ተሰበሰበ። ኮሙኒስቶቹ ታግደዋል፤ ቡናማ ሸሚዝ የለበሱ የፓርቲው ሰዎች በአዳራሹ ቆመዋል። ሕግ የማውጣት ሥልጣንን ለሂትለር መንግሥት የሚያስረክበው ሕግ 444 ድምፅ አገኘ። የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ኦቶ ቬልስ ግን ተነሥቶ «ነጻነታችንንና ሕይወታችንን ሊወስዱብን ይችላሉ፤ ክብራችንን ግን አይችሉም» አለ። እሱን ጨምሮ በአዳራሹ የተገኙት 94 ሶሻል ዴሞክራቶች አንድም ሳይጎድል ተቃወሙ። ያን ቀን ግን ድምፃቸው የሚያስቆመው ነገር አልነበረም።