«ክኒኑን ላቁመው?» የታይሮይድ መድኃኒት ለሚወስዱ አድማጮች የተሰጠ መልስ

የሆርሞን ሕመሞች ስፔሻሊስቱ እንግዳችን ስለ ታይሮይድ፣ አንገት ላይ ስላለው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ፣ በስልክ ለገቡ ጥያቄዎች የሰጡት መልስ እነሆ።

ጥያቄ፦ ለሆርሞን ማነስ የታዘዘልኝን ሌቮታይሮክሲን ከቁርስ ጋር ብውጠው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ዋጪው። ምግብም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። የአይረን ወይም የካልሲየም ክኒን ካለሽ ደግሞ በመካከላቸው 4 ሰዓት ይኑር።

ጥያቄ፦ ሆርሞን አንሶሻል ተብዬ የሌቮታይሮክሲን መጠን ከተጨመረልኝ ወዲህ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍም አጣሁ። ላቁመው?

መልስ፦ አታቁሚው እህቴ። መጠኑ በዝቶብሽ ይሆናል፤ ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ነው። መጠን ከተቀየረ በኋላ ምርመራው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይሠራል፤ አንቺ ግን እስከዚያ አትጠብቂ፣ ሰሞኑን ሐኪምሽን አግኚው። ደረትሽን ካመመሽ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ዛሬውኑ ሂጂ። «ለሁለት ቀን ትቼው ልየው» የምትሉትን ነገር ደግሞ ተዉት። ይህ መድኃኒት ግማሹ እንኳ ከሰውነት እስኪወጣ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ በሁለት ቀን የምታዩት ለውጥ የለም።

ጥያቄ፦ ለሆርሞን መብዛት ካርቢማዞል ከጀመርኩ ጀምሮ ሰውነቴን ያሳክከኛል።

መልስ፦ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአለርጂ መድኃኒት ይታገሣል። ለሐኪምህ ንገረው፣ በራስህ ግን አታቁም። ከንፈርህ ወይም ፊትህ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ጥያቄ፦ ለሆርሞን መብዛት ሜቲማዞል ከጀመርኩ 2 ወር ሆነኝ። ከትናንት ወዲያ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ያዘኝ። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ነበር፣ እሱን ጀመርኩ። እስክጨርሰው ልቀጥል?

መልስ፦ ልጄ፣ ስልኩን እንደዘጋህ ተነሥተህ ሂድ። እዚህ ጥያቄ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ሌሎቻችሁም ስሙኝ።

ሜቲማዞል፣ ካርቢማዞልና ፕሮፒልታዮዩራሲል አልፎ አልፎ ኢንፌክሽን የሚከላከሉልንን ነጭ የደም ሴሎች ድንገት ያወርዳሉ። የሚደርስበት ሰው ከመቶ አንድ አይሞላም፤ የደረሰበት ሰው ግን ተራ ኢንፌክሽን ሊገድለው ይችላል። የመጀመሪያ ምልክቱ ደግሞ ሁላችንም ጉንፋን ብለን የምናልፈው ነው፦ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የአፍ ቁስል። በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላም ግን ይመጣል። ባለፈው ወር የሠራችሁት የደም ምርመራ ጤነኛ መሆኑም ዋስትና አይሆናችሁም፤ ሴሎቹ በቀናት ውስጥ ሊወርዱ ይችላሉ።

ሁልጊዜ «በራሳችሁ አታቁሙ» የምል ሰው ነኝ። እዚህ ላይ ግን አቁሙ እላለሁ! ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን የምትወስዱ፣ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ሲመጣ ቀጣዩን ክኒን ሳትውጡ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። በር ላይ «ለሆርሞን መብዛት የታይሮይድ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ የደም ሴሎቼ ይቆጠሩልኝ» በሉ። ካልተናገራችሁ የጉሮሮ መድኃኒት ተጽፎላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ቁጥሩ ደህና ከሆነ ሐኪሙ ያስቀጥላችኋል። ከወረደ ግን ያንን መድኃኒትም ሆነ ወንድሞቹን ዳግመኛ አትነኩም፤ ሌላ ሕክምና አለ።

የተረፈ አንቲባዮቲክ በቤት አታስቀምጡ። ትኩሳቱን ለሁለት ቀን ቢያበርደው የቀነሰላችሁ ይመስላችኋል፤ እናንተን ለማዳን የሚያስፈልገን ግን ያው ሁለት ቀን ነው።

ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንታችሁ ከጠቆረም እንዲሁ አቁማችሁ በዚያው ቀን ሂዱ፤ ጉበት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ሆርሞኔ በዝቶ ነበር፤ በ3 ወር ደህና ሆንኩ። ክኒኑን ብተወው?

መልስ፦ እናቴ፣ ደህና የሆኑት በክኒኑ ነው። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይወሰዳል፤ አስቀድመው ከተዉት ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፣ ልብንም ያውካል። መቼ እንደሚቆም ሐኪምዎ ይወስናል።

ጥያቄ፦ ሌቮታይሮክሲን እወስዳለሁ፤ አርግዣለሁ። ለልጁ ፈርቼ አቆምኩት።

መልስ፦ ዛሬውኑ ቀጥዪ። ይህ ሆርሞን ሰውነትሽ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ልጁም ለአእምሮው እድገት ይፈልገዋል። በእርግዝና እንዲያውም ብዙ ጊዜ መጠኑ መጨመር አለበት፣ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ተመርመሪ። ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል የምትወስዱ ግን ማርገዛችሁን ባወቃችሁበት ቀን ለሐኪማችሁ ደውሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለጽንሱ ስለሚያሰጋ ሊቀይርላችሁ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለፀጉሬ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን እወስዳለሁ። ከታይሮይድ መድኃኒት ጋር ይጋጫል?

መልስ፦ የምርመራውን ውጤት ነው የሚያሳስተው። ደም ከመስጠትሽ ቢያንስ 2 ቀን ቀደም ብለሽ አቁሚው፣ ለሐኪሙም ንገሪ።

ጥያቄ፦ ለልብ ምቴ ፕሮፕራኖሎል ታዘዘልኝ። አስም አለብኝ፣ ልጀምረው?

መልስ፦ አትጀምረው። አስምን ሊያባብስ ይችላል። ምናልባት አስም እንዳለብህ ለሐኪምህ አልነገርከው ይሆናል፤ ዛሬ ተመልሰህ ንገረው፣ ሌላ ይፈልግልሃል። ጀምራችሁት የቆያችሁ ደግሞ በአንድ ጊዜ አትጣሉት፤ እንዴት እንደሚቀነስ ሐኪማችሁን ጠይቁ።