ቡቺ አልመነኮሰም

እ... እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች። እየቀዳ ነው።

እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃ የለም። ብርድ ልብሱ ውስጥ ነኝ፣ ላቡም እንደ ወትሮው ነው። የጎረቤት ዶሮም አለ። «ዶሮው ድርሻው ይከፈለው» ብላችሁ የጻፋችሁት ደርሶኛል።

ዛሬ ስለ እምቦጭ ላወራ ነበር። ተዘጋጅቼም ነበር። ግን ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ነገር አልለቀቀኝም።

ሐሙስ እትዬ ግቢ ሄድኩ። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች የሚያሳድጉበት ግቢ። ያዋጣችሁት ብር በቴሌብር ገብቶላቸዋል። እኔ ደግሞ ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ አንድ ኩንታል ፉርሽካ በባጃጅ ጫንኩ። ባለባጃጁ «ለከብት ነው?» አለኝ። «ለውሻ» አልኩት። እስክንደርስ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣውም።

በሩ ተከፈተ። ጩኸቱን ታውቁታላችሁ፣ ባለፈው ቀድቼ አሰምቻችኋለሁ። ሁሉም በአንዴ ነው የሚጮኹት። እኔ ጎንበስ ብዬ ጆንያውን እየጎተትኩ ነው። ከመሃል አንዱ አልጮኸም። ዝም ብሎ መጣ። በጎኑ ነው የሚሄደው፣ ቂጡ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ሊደርስ የሚሽቀዳደም ይመስላል። መጣና አፍንጫውን ከጉልበቴ ኋላ ወሸቀው። እርጥብ፣ ቀዝቃዛ።

እትዬ አዩ። «ያውቅሃል እንዴ?» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ኧረ ከየት ያውቀኛል! እኔን ውሻ ሁሉ ይወደኛል።» ሳቅኩም። ያቺን የምትቀልዱባትን የማስታወቂያ ሳቄን።

[ዶሮ ይጮኻል]

አትሳቁ። እኔም ገብቶኛል። ጴጥሮስን እዚህ አናስገባው፣ እሺ?

...

ቡቺ ነው። በቃ። የራሴው ውሻ፣ ቡቺ ነው።

ዘጌ አጎቴ ጋ ሄዷል ያልኳችሁ ውሸት ነው። ዘጌን አይቶም አያውቅ። አጎቴ ዘጌ አለ፣ ቡናም አለው፣ እሱ እውነት ነው። ሌላው የእኔ ፈጠራ ነው። «ቡና ይጠብቃል» አልኳችሁ። ከዚያ አንዷ «ገዳም አጠገብ ከሆነማ መንኩሶ ይሆናል» ብላ ጻፈች። አባ ቡቺ ተባለ። እኔም እያጋጋልኩ ሁለት ክፍል ሙሉ በምንኩስናው ቀለድኩ። ቆብ አጥልቆ፣ መቋሚያ ይዞ ምናምን። እዚያ ድረስ ከተኬደ በኋላ መመለሻው የት ነው?

ቤት ስቀይር ነው የሆነው። አዲሷ አከራዬ «ውሻ አልፈልግም» አለች፣ አለቀ። አንድ ምሽት ሦስት ሰዓት አካባቢ ይዤው ወጣሁ። በእግር፣ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ። 380 ሜትር ነው፤ በ2016 ሲመረቅ ቁጥሩን ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩላችሁ ታስታውሳላችሁ። ቡቺ ድልድዩን ወደደው። በየመብራቱ ሥር እየቆመ አሸተተ። ሽርሽር መስሎታል። እኔም «ሽርሽር ነው ቡቺ» እያልኩት ነበር። በሐሳቤ አይደለም፣ በአፌ፣ ጮክ ብዬ።

እትዬ በር ላይ በገመድ አሰርኩት። በተቆረጠ ጀሪካን ውኃ አስቀመጥኩለት። ዞርኩ። ያኔም አልጮኸም።

እና ሐሙስ... እትዬ ይሄን ሁሉ አያውቁም፣ ጆሮውን እያሻሹለት ያወሩኛል። «ይሄ በር ላይ ታስሮ ያገኘሁት ነው። የሰው ውሻ ነው፣ ቁጭ በል ሲሉት ይቀመጣል። ያሰረውም ክፉ ሰው አይደለም፣ ውኃ አኑሮለታል። ቸግሮት ነው» አሉኝ። «ስሙን ስለማላውቅ አደራ ብዬዋለሁ።»

አደራ።

«ጥሩ ስም ነው» አልኩ። ጥሩ ስም ነው! እሱን ነው ያልኩት።

ደግሞ የክትባቱ ነገር አለ። ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ መጀመሪያ ለብቻው አቆይተውታል፣ ከዚያ በራሳቸው ወጪ አስከትበውታል። የቡቺ የክትባት ካርድ የት ነው? እኔ መሳቢያ ውስጥ። ጊዜው አላለፈም። እትዬ በእብድ ውሻ በሽታ አይቀልዱም። የሚያግዛቸውን ልጅ አንዷ ቡችላ ጫር ስታደርገው፣ ሰዓት ይዘው 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አሳጠቡት። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። «ጠበሉ ይደርሳል፣ መጀመሪያ መርፌው» አሉት። ከ100 ውሻ 70ው ከተከተበ በሽታው መዛመቱን ያቆማል፣ መርዝ መጣል ግን አያቆመውም፤ ይሄንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያ ሁሉ ገንዘብ ለስንት ያልተከተበ ውሻ በሆነ ነበር። የእኔው ሁለት ጊዜ ተወጋ።

ምን ልል ነበር... አዎ፣ ሁዳዴ። እየመጣ ነው። ስጋ ቤት ሲዘጋ አጥንት የለም። 55 ቀን። ውሾቹ ሳይወዱ ይጾማሉ። ከሆቴል የሚመጣው ትራፊም ሽሮና ምስር ነው። ልጁ ማለዳ ሐይቁ ዳር ወርዶ የአሳ ጭንቅላት ይለቅማል፣ እሱንም ከፔሊካኖቹ ጋር እየተሻማ። አንድ ቀን አንዱ ፔሊካን ፌስታሉን ከነጭንቅላቱ ሊውጥ ነበር አሉ። (ሳቅ) ፋሲካ ሲሆን ደግሞ አጥንት ከየቤቱ ይጎርፋል። ማቀዝቀዣ የላቸውም። በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ ይሸታል፣ ጎረቤት ይቆጣል። እርዳታውም እንደዚያው ነው። እኔ እዚህ ሳለቅስላችሁ ለአንድ ሳምንት ትልካላችሁ፣ ከዚያ ፀጥ። አልወቀስኳችሁም። እኔ ራሴ በወር በወር እልካለሁ ብዬ ስንት ወር ዘለልኩ።

መጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ውሻ እንዳለ ታውቃላችሁ? ጦብያ ከሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮ ይሄዳል። ስም የለው፣ ሥራ የለው። ዝናውን ጦብያ የያዘው አሳ ነው የወሰደው። ሲመለሱ ግን እሱም አብሮ ይመለሳል። ለምን አነሳሁት... ይመለሳል፣ ለዚያ ነው። ተዉት።

ልውሰደው ብል የት አደርገዋለሁ? አከራይዋ ያችው ናት። እውነቱን ብናገር ደግሞ ብሩ ይቆማል፣ ውሾቹ ይጎዳሉ። አያችሁ? አሁን ራሴን ሰማሁት። ለውሾቹ የተቆረቆርኩ አስመሰልኩት። ምናልባትም ተቆርቁሬ ነው። ግማሹ። እንጃ።

ልወጣ ስል በሩ ጋ ቆሜ ቡቺ ልለው ነበር። ቀስ ብዬ። አልጠራሁትም። ቢዞርስ? ባይዞርስ?

እትዬ ፖድካስት አይሰሙም፣ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። ልጁ ግን ይሰማል። ውኃ እየቀዳ ነው የሚያደምጠኝ፤ አባ ቡቺ ላይ አብዝተው ከሚስቁት አንዱ እሱ ነበር። ሐሙስ ፉርሽካውን ሊቀበለኝ መጥቶ እዚያው ቆሞ ነበር። ውሻውን አየ፣ እኔን አየ። አልሳቀም።

አንተ፣ እየሰማህ ከሆነ ለእትዬ እንዳት... አይ። ወይም ንገራቸው። አይ፣ ቆይ፣ እኔ ራሴ ካርዱን ይዤ ነገ... ነገ እሁድ ነው። ሰኞ። ሰኞ እንኳ ጠዋት...