«ምች ነው» ተብሎ የከረመ የከንፈር ቁስል፦ የአድማጮች ጥያቄና የቆዳ ሐኪም መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ አባቴ ገበሬ ናቸው። የታችኛው ከንፈራቸው ከዓመት በላይ እየደረቀ ይላጣል፤ አሁን ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ቆስሏል። እሳቸው «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ እያሹበት ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለደወሉ አመሰግናለሁ። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች አብዛኛውን ጊዜ የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ውሃ ቋጥሮ ይወጣል፣ ይፈነዳል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናል። ፀሐይ እንደሚቀሰቅሰው እናቶቻችን የሚሉትም እውነት ነው። ዓመት የከረመ ግን ምች አይባልም። ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የከንፈር ቁስል ሐኪም ሳያየው ማለፍ የለበትም።

ለብዙ ዓመታት ፀሐይ የመታው ከንፈር ቀስ በቀስ ወደ ቅድመ ካንሰር፣ ማለትም ገና ካንሰር ያልሆነ ግን ካንሰር ሊሆን ወደሚችል ለውጥ፣ ሊሄድ ይችላል። የታችኛው ወጣ ስለሚል ጨረሩን በቀጥታ የሚቀበለው እሱ ነው። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ነጣ ነጣ ይላል፣ ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ምርመራ ላይ እኔ መጀመሪያ የማየው ከንፈሩ ከፊት ቆዳ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ነው፤ በጤነኛ ሰው ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐይ በጎዳው ላይ ይደበዝዛል። ከዚያ ጓንት አድርጌ ከንፈሩን በሁለት ጣት ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዳስሳለሁ። ጠጠር ያለ ነገር፣ የሚደማ ወይም አልድን ያለ ቁስል ካለ ናሙና መወሰድ አለበት። አገጭና መንጋጋ ሥር ንፍፊት መኖር አለመኖሩንም አያለሁ።

ጥቁር ቆዳ ከጨረር በተሻለ ስለሚከላከል ይህ ችግር በእኛ ሰው ላይ ብዙ አይታይም። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) ወይም አለርጂም ከንፈርን እንዲህ ሊያደርገው ይችላል። ቢሆንም ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ የፀሐዩን ጉልበት ያስረሳል እንጂ አይቀንሰውም። አባትዎን በዚህ ሳምንት ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ ማሸቱንም ያቁሙ።

ጥያቄ (ከዚያው አድማጭ)፦ ዘመዶቻችን «ብረት ከነካው ይሰራጫል» እያሉ ያስፈራሩናል።

መልስ፦ ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው አዘግይቶብናል። የከንፈር ናሙና መወሰዱ ካንሰርን አያሰራጭም። ብዙ ጊዜ ሰው ወደ ሐኪም የሚመጣው በሽታው ከገፋ በኋላ ስለሆነ፣ ቀድሞ የተሰራጨው ሁሉ በምላጩ ይሳበባል። ሥራው የደቂቃዎች ነው፦ ከንፈሩ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይወሰዳል፣ አንድ ወይም ሁለት ስፌት ይደረጋል። ፓቶሎጂው፣ ማለትም የናሙናው የማይክሮስኮፕ ምርመራ፣ የሴሎቹ ለውጥ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆኑን፣ ወይም ካንሰር መሆኑን ይነግረናል። የከንፈር ካንሰር ፊት ቆዳ ላይ ከሚወጣው ይልቅ ወደ ንፍፊት የመዛመት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ጊዜ የሌለን ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ኩላሊት ተቀይሮልኛል። ከንፈሬ ላይ ቅድመ ካንሰር ተገኝቶ ፍሎሮዩራሲል የሚባል ክሬም ታዞልኝ፣ በሁለተኛው ሳምንት ከንፈሬ ተላጦ ምግብ መብላት አቃተኝ። ላቁመው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስቃይዎ ይገባኛል። ክሬሙ የተበላሹትን ሴሎች ስለሚገድል መቅላት፣ መቁሰልና ማቃጠል የሚጠበቅ ነው፤ ብዙ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ የሚተወውም በዚሁ ምክንያት ነው። በራስዎ ከማቆምዎ በፊት ዛሬውኑ ላዘዘልዎ ሐኪም ይደውሉ፤ ጥቂት ቀን ሊያሳርፍዎት ወይም ሌላ ሊመርጥልዎት ይችላል። ለኩላሊትዎ የሚወስዱት መድኃኒት መከላከያ ኃይልን ስለሚቀንስ ለዚህ ችግር ያጋልጣል፤ እሱን ግን በፍጹም በራስዎ እንዳይነኩት።

ክሬም ብቸኛው መንገድ አይደለም። ጉዳቱ በአንድ ትንሽ ቦታ ከተወሰነ በፈሳሽ ናይትሮጅን እናቀዘቅዘዋለን። ከንፈሩን በሙሉ ከያዘ ሌዘር አለ፤ ወይም የተጎዳው የላይኛው ሽፋን ተነሥቶ የውስጠኛው ልስልስ ሽፋን ወደ ፊት ተስቦ ይሰፋል። ለውጡ ከባድ ከሆነ እኔ ወደ ቀዶ ሕክምናው አደላለሁ፤ የተነሣው በሙሉ በማይክሮስኮፕ ስለሚታይ ተደብቆ የቀረ ካንሰር ካለ ይገኛል። የትኛውም ቢደረግ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ክትትሉ ይቀጥላል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ከከንፈር ካንሰር ጋር ይያያዛል ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ ለዓመታት ሲወሰድ ቆዳ ለፀሐይ እንዲሳሳ ያደርጋል፤ ከከንፈር ካንሰር ጋርም ግንኙነት ታይቷል። ግፊትን ሳይቆጣጠሩ መተው ግን የባሰ አደጋ ነው። መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ ከንፈርዎን ይጠብቁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ልጄ አልቢኒዝም አለባት። ሰባት ዓመቷ ነው። ከንፈሯን ቫዝሊን እቀባታለሁ፤ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ እናቴ። ቫዝሊን ያለሰልሳል እንጂ ጨረር አይከለክልም። ኤስፒኤፍ (ፀሐይን የመከላከል መጠን መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የከንፈር ቅባት ይፈልጉላት፤ ውጭ ስትሆን በየሁለት ሰዓቱ፣ እንዲሁም ከበላችና ከጠጣች በኋላ ይደገም። ዙሪያውን ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ታድርግ፤ ከፊት ብቻ የሚጋርደው ኮፍያ ጆሮና አንገቷን አይሸፍንም። መምህሯን ያነጋግሩ፦ በክፍል ውስጥ ከመስኮቱ ፀሐይ ራቅ ብላ ትቀመጥ፣ የስፖርት ሰዓቷም ጠዋት ይሁንላት። በዓመት አንዴ ሁለቴ ቆዳዋና ከንፈሯ ይታይ፤ አሁን ምንም ባይኖርባትም።