አልጠፋ ያለ ፋይልና በትእዛዝ የማጥፋት ጣጣው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ የደወላችሁልን ሁላችሁም ማለት ይቻላል ያነሳችሁት ዊንዶውስ ላይ አልጠፋም ስለሚል ፋይል ነው። ትእዛዞቹን ፊደል በፊደል ስለምናገር እስክሪብቶ ያዙ።

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ ፎልደሩን ላጠፋ ስል «ሌላ ፕሮግራም ከፍቶታል» ይለኛል። ሁሉንም ዘግቻለሁ። በባች ፋይል፣ ማለትም ትእዛዞች በተርታ በተጻፉበት ፋይል፣ በግድ ማጥፋት ይቻላል?

መልስ፦ በግድ አይሆንም። ፋይሉን የያዘው ፕሮግራም እስካለ ድረስ ትእዛዙም ያንኑ ይመልስልዎታል። ይልቅ ማን እንደያዘው ይፈልጉ። ሪሶርስ ሞኒተር የሚባለውን የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ ከፍተው ሲፒዩ የሚለው ውስጥ ይግቡ። «አሶሺዬትድ ሃንድልስ» የሚለው ቦታ ላይ የፎልደሩን ስም ሲጽፉ የያዘውን ፕሮግራም ያወጣልዎታል። እሱን ይዝጉና እንደገና ይሞክሩ። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋተኛው ራሱ የትእዛዝ መስኮቱ ነው፤ ፎልደሩ ውስጥ ገብተው ቆመው ፎልደሩን ማጥፋት አይችሉም።

ከባሕር ዳር የደወለች አድማጭ፦ ትርፍ ፋይል የሚያጠፋ ባች ፋይል ጓደኛዬ ሰጠኝ። «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብለሽ ክፈቺው አለኝ። ያሰጋል?

መልስ፦ ያሰጋል እህቴ፣ በደንብ ነው የሚያሰጋው። በአድሚኒስትሬተር፣ ማለትም በሙሉ ሥልጣን፣ የተከፈተ ባች ፋይል ሥራውን የሚጀምረው አንቺ ካስቀመጥሽበት ፎልደር አይደለም፤ ዊንዶውስ የራሱን ፋይሎች ከሚያኖርበት ከሲስተም 32 ፎልደር ነው። አሁን ጓደኛሽ ወደ ፎልደር የሚያስገባውን ትእዛዝ «ሲ ዲ» ብሎ ዲ ድራይቭ ላይ ያለ ፎልደር ጽፏል እንበል። «ስላሽ ዲ» ካልጨመረበት ድራይቩ አይቀየርም። ባች ፋይሉ ግን አይቆምም፤ ቀጣዩ መስመር ሁሉንም ፋይል ሳትጠይቅ አጥፋ የሚለው «ዴል ስላሽ ኪው ስታር ነጥብ ስታር» ከሆነ ማጥፋት የሚጀምረው እዚያው ሲስተም 32 ላይ ነው። ዊንዶውስ ብዙዎቹን ፋይሎቹን ይጠብቃል፣ ግን በዚያ ተማምኖ የሚሠራ ሰው የለም።

ስለዚህ ባች ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቺና አንብቢው። ከ«ሲ ዲ ስላሽ ዲ» በኋላ ሁለት ቁም መስመርና «ኤግዚት ስላሽ ቢ» ይኑር፤ ፎልደሩን ካጣው ሥራውን እንዲያቆም። አድራሻው ሙሉ ሆኖ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይሁን፤ አለዚያ በስሙ መሃል ክፍት ቦታ ካለ የማጥፊያው ትእዛዝ እንደ ሁለት አድራሻ ያነበዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ባዶ ቫሪያብል ነው፤ ቫሪያብል ማለት የፎልደሩ አድራሻ የሚቀመጥበት ስም ነው። ፎልደርን ከነይዘቱ የሚያጠፋውን «አር ዲ ስላሽ ኤስ ስላሽ ኪው» ብሎ ቫሪያብልና ባክስላሽ ካስከተለ፣ ቫሪያብሉ ባዶ ሲሆን የሚቀረው ባክስላሹ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የድራይቩ ሥር፣ ማለትም ሙሉው ድራይቭ ነው! «ስላሽ ኪው» ስላለ አይጠይቅሽም፣ የጠፋውም ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። «ኢፍ ኖት ዲፋይንድ» ብሎ ቫሪያብሉ ባዶ አለመሆኑን አስቀድሞ ማጣራት አንድ መስመር ነው፤ ያልጻፈ ሰው ሰንፎ ነው።

እኔ ሁሌም «ዴል» ባለበት ቦታ መጀመሪያ ዝርዝር ብቻ የሚያሳየውን «ዲር» አስገብቼ አስሮጠዋለሁ። ሊጠፋ ያለው ዝርዝር ፊቴ ይመጣል፤ የማላውቀው ስም ካየሁ እዚያው አቆማለሁ።

ከሪያድ በጽሑፍ የደረሰን፦ የፋይሎቼ ስም በአማርኛ ነው። ባች ፋይሉ «አላገኘሁም» ይላል።

መልስ፦ ባች ፋይሉን ሴቭ ሲያደርጉ ኢንኮዲንግ የሚለውን፣ ማለትም የፊደል አያያዙን፣ ዩቲኤፍ 8 ያድርጉት። ከላይ ትእዛዙ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 እንዲያነበው «ሲ ኤች ሲ ፒ 65001» የሚል መስመር ይጨምሩ። መስኮቱ ላይ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ቢታይ አይደንግጡ፤ ችግሩ የፎንት ነው።

ከጎንደር፦ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ተደራርቦ «ስሙ በጣም ረዝሟል» ይለኛል።

መልስ፦ የቆየው የዊንዶውስ ገደብ ለሙሉ አድራሻው 260 ፊደል ነው። ባዶ ፎልደር ይፍጠሩ። የዊንዶውስን የመቅጃ ትእዛዝ «ሮቦኮፒ» ብለው መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ የሚጠፋውን፣ በመጨረሻ «ስላሽ ሚር» ይጻፉ። ባዶውን አስመስሎ ሌላውን ያራቁተዋል። የሚራቆተው ሁለተኛ የተጻፈው ስለሆነ ኢንተር ከመንካትዎ በፊት ቅደም ተከተሉን ይዩት። ከዚያ የቀረውን ባዶ ፎልደር በ«አር ዲ» ያጠፉታል።