ቆራጩን ሆናችሁ አሳምኑኝ

እንደምን አደራችሁ! በዚህ የደብረ ብርሃን ውርጭ ጋቢ ተከናንቦ ለተዋናይ ፈተና የመጣ ሰው፣ በእኔ በኩል ግማሹን አልፏል። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና የመጣችሁም አላችሁ። ሻይ አለ፤ መጀመሪያ ይሙቃችሁ።

ወደ ፈተናው ከመግባታችን በፊት የአምናውን ላጫውታችሁ። አንድ ልጅ መጣና እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ «እኔ ዛፍ ነኝ፤ አትቁረጡኝ!» አለ። ድምፁ ያምራል። ቀጣዩም ዛፍ ሆነ። ከእሱ ኋላ የመጣችውም ዛፍ ሆነች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አዳራሹ ደን ሆኗል። መጥረቢያ ይዞ የመጣ ግን አንድም ሰው የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ «ስለ አካባቢ ጥበቃ» ብዬ ብቻ ነበር የጻፍኩት።

ያን ቀን አንዲት እናት ልጃቸውን ሊሸኙ መጥተው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። «እትዬ፣ እስቲ እርስዎም ይሞክሩ» አልኳቸው፣ ለቀልድ። ተነሱ። ኩበት ሻጭ ሆኑ። ገዢ የሆነው ልጅ «እማማ፣ ኩበቱን ከሚሸጡት ማሳዎ ላይ ቢበትኑት እኮ መሬቱ ይጠግባል» አላቸው። እሳቸው ብሩን ከመቀበላቸው በፊት እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። እጃቸው ላይ ምንም አልነበረም እኮ! ከዚያ ቀና ብለው «አውቃለሁ ልጄ። መሬቱ እስኪጠግብ እኔ ምን ልብላ?» አሉ። የሚያስል እንኳ ጠፋ።

ልጅቷ ወደቀች፣ እናትየዋ አለፉ። ቤት ገብተው ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።

ዛሬ የምፈልገው እንደዚያ ያለውን ነው። ባሕር ዛፍ የሚተክለውን ሰው ሁኑልኝ። ምንጭ ያደርቃል ሲሉት ይሰማል፤ የልጁን ደብተርና ጫማ የሚገዛው ግን አጣናውን ሸጦ ነው። ወፍ ዋሻ ደን ጫፍ ላይ በሌሊት ጥድ የሚቆርጠውን ሁኑ። ቆራጩ ሞኝ ከሆነ ቴአትሩ አለቀ። የምንጫወትለት ገበያተኛ «ይሄ እኔን አይመለከትም» ብሎ በጉን እየነዳ ይሄዳል።

የምትፈተኑበት ትዕይንት ከጓሳ፣ ከመንዝ ደጋ የሣር ምድር፣ የመጣ ነው። የመንዝ ልጆች ታውቁታላችሁ። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ይሠራበታል። አያቶቻችን ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ይከለክሉትና ሲደርስ በአንድ ላይ ያጭዱት ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ከመሬት አዋጁ ጋር ፈረሰ። በኋላ ሕዝቡ ጥበቃውን መልሶ አቆመው፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ አሉ። እኛ የምንጫወተው የድሮውን ነው። ክልከላው ገና 2ኛ ዓመቱ ነው፤ የአንዱ ሰውዬ ጣሪያ ያፈሳል። በሌሊት ማጭድ ይዞ ይወጣል። የሚይዘው ጠባቂ የሚስቱ ወንድም ነው። ለሁለት ትገባላችሁ፤ 3 ደቂቃ ተጫውታችሁ ቦታ ትለዋወጣላችሁ። ጠባቂ ሆኖ ጎበዝ፣ ሌባ ሲሆን የሚያፍር ሰው አልወስድም።

ማይክ የለንም። የምንጫወተው ገበያ ላይ ነው፣ ነፋሱንም ታውቁታላችሁ፤ ድምፃችሁ ከሆድ ይውጣ። የመንዝ አነጋገራችሁን አትደብቁ፤ ዜና አንባቢ አይደለም የምንቀጥረው። ለነገሩ ቅጥርም አይደለም፤ ያለን የትራንስፖርትና የምሳ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የእኛው የሰያ ደብር ተወላጅ ናቸው። መድረክ ላይ ያናገሩት አውሬዎችን ነበር። ስለዚህ ጭላዳ መሆን የሚፈልግ ካለ አልከለክልም። ዛፍ ግን በቃኝ።

በሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይግቡ። ማጭዱ ከበሩ ጀርባ ነው። የእውነት ማጭድ ስለሆነ ስታነሱት ተጠንቀቁ።