ጠርሙሱን ትታችሁ ድስቱን አምጡ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሊቀመንበራችን ሲጋብዙኝ «ስለ ካንሰርና ስለ አመጋገብ አጠር አድርገሽ ንገሪን» ነው ያሉኝ። እሞክራለሁ። ግን የመጣሁት ልቆጣችሁም ጭምር ነው። ኋላ እንዳትቀየሙኝ አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። በካንሰር ክፍል የምሠራ የምግብ ባለሙያ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም። ሰው ምን በላ፣ ምን ጠጣ፣ ለምን ከሳ እያልኩ ስጠይቅ ነው የምውለው።

እዚህ ሜሪላንድ ካለነው መካከል ኢሚውኖቴራፒ የሚወስድ ሰው የማያውቅ ጥቂት ነው። ለሳንባ፣ ለኩላሊት፣ ሜላኖማ ለሚባለው የቆዳ ካንሰር ይሰጣል። ብዙ ሰው ከኬሞ ጋር ያምታታዋል። ኬሞ የካንሰሩን ሴል ራሱን ይገድላል። ይሄኛው ካንሰሩን በቀጥታ አይነካም። ነጭ የደም ሴሎቻችን ካንሰርን ማጥቃት ይችላሉ፤ ካንሰሩ ግን ፍሬናቸውን ረግጦ ያቆማቸዋል። መድኃኒቱ ያንን ፍሬን ያስለቅቃል። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ነው።

ችግሩ ለሁሉም አለመሥራቱ ነው። ለምን? ተብሎ ሲፈለግ ከምክንያቶቹ አንዱ አንጀት ውስጥ ተገኘ። አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከመከላከያ ሴሎቻችን ጋር ሥራ አላቸው። እነሱ ደግሞ የሚኖሩት እኛ በምንበላው ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሂዩስተን ያለው የኤም ዲ አንደርሰን ካንሰር ማዕከል ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ኢሚውኖቴራፒ የሚወስዱ 128 የሜላኖማ ታማሚዎችን ምን እንደሚበሉ ጠየቁ። በቀን 20 ግራምና ከዚያ በላይ ፋይበር፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨውን የእህልና የአትክልት ክፍል፣ የሚበሉት በሽታው ሳይባባስባቸው ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። በየ5 ግራሙ ጭማሪ፣ በሽታው የመባባስ ወይም የመሞት አደጋው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉም የተሻሉት እነማን መሰሏችሁ? ፋይበር በደንብ የሚበሉ፣ ፕሮባዮቲክ የሚባለውን፣ ሕያው ባክቴሪያ ያለበትን ካፕሱል ግን የማይውጡት። አይጦች ላይ ሲሞከርም ፕሮባዮቲክ የተሰጣቸው አይጦች ላይ መድኃኒቱ ደከመ።

ጥናቱ ምስር ካንሰር ያድናል አላለም። እንደዚያ ብላችሁ ቫይበር ላይ ብትለቁት እኔ የለሁበትም። ሰዎች በልተናል ያሉት ነው የተመዘገበው። ግን ጥሩ ምልክት ነው፤ ሆዱ ላልታመመ ሰው ጉዳትም የለውም።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ።

አንዲት እናታችን አሉ። ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። የሳንባ ካንሰር ይዟቸው ኢሚውኖቴራፒ ጀመሩ። ጠያቂ ቤቱን ሞላው። ደግ ነን፣ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ልጃቸው ፍሪጁን ከፍታ በስልኳ ቀርጻ አሳየችኝ። በሩ ላይ የካሮትና የቀይ ሥር ጁስ ተደርድሯል። ከላይ ሁለት ዓይነት ፕሮባዮቲክ፣ የእርድ ካፕሱል፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የሞሪንጋ ዱቄት። ከታች በሃይላንድ የተቀዳ ቡናማ ውኃ። ምንድን ነው? አልኳት። «እኔ እንጃ፣ ሰው ነው ያመጣው» አለችኝ።

ሽሮውስ? ምስሩስ? የለም። እንጀራም የለም። «ስኳር ካንሰርን ይመግባል፣ እንጀራ ደግሞ ስኳር ይሆናል» ብሎ አንድ አዋቂ አስቁሟቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን የበሉትን ትተው ጁስ እየጠጡ ከሱ። እንጀራ ሲከለከል ካንሰሩ አይራብም፤ የሚራበው ሰውየው ነው።

ቀጥሎ ተቅማጥ ጀመራቸው። አንዷ ጠያቂ «እሰይ፣ መርዙ እየወጣ ነው!» አሉ። መርዝ! ኢሚውኖቴራፒ የሚወስድ ሰው ተቅማጥ ሲጀምረው፣ ፍሬኑ የተለቀቀው መከላከያ የራሱን አንጀት እያጠቃ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ከተነገረ መከላከያውን በሚያበርድ ስቴሮይድ በሚባል መድኃኒት ይታከማል። ከዘገየ አንጀት እስከ መበሳት ይደርሳል። እሳቸው ሳምንት ሙሉ ዝም አሉ። በዊልቸር ነው ድንገተኛ ክፍል የገቡት። የጉበት ምርመራቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ሲላቸው «ምንም» አሉ። ጉበቱን ያስቆጣው መድኃኒቱ ይሁን የእርዱ ካፕሱል በምን ይወቅ? ሕክምናው ተቋረጠ። ተመስገን፣ ዛሬ ደህና ናቸው። ግን ከሕክምናቸው ወራት የሰረቃቸው ማነው? ካንሰሩ ብቻ ነው?

ቲክቶክ ላይ ነጭ ጋውን ለብሶ ዱቄት የሚሸጠውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። በየቡናው ላይ እናወራዋለን። ሀገር ቤት ለሕክምና ወረፋ ከሚጠብቁት ጀምሮ እዚህ ኢንሹራንስ እስካላቸው ድረስ ያልበዘበዘው የለም። እሱ ነውር የለውም፣ ለገንዘቡ ነው። እኛስ? ሊንኩን ለታማሚ የምንልከው እኛ ነን። ገዝተን ይዘን የምንሄደው እኛ ነን። የእድራችን ቫይበር ላይ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ እንዲከለከል ለኮሚቴው በይፋ እጠይቃለሁ። እጃችሁን የምታወጡ ከሆነ አሁን አውጡ!

ታዲያ ምን ይዘን እንሂድ? የምታውቁትን። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ብቻውን ወደ 15 ግራም ፋይበር አለው። ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ባቄላ ጨምሩበት። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ከነገለፈቱ ነው የሚፈጨው፣ ስለዚህ ፋይበሩ አብሮት ይመጣል። እዚህ ሱቅ የምንገዛው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ነጭ ዱቄት የተደባለቀበት ነው፤ ጠይቃችሁ ግዙ። «እንጀራ እርሾ ስላለው ፕሮባዮቲክ ነው» የምትሉም አላችሁ። እርሾው ምጣዱ ላይ ይሞታል፣ አትድከሙ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ተቅማጥ የያዘው ወይም አንጀቱ የታመመ ሰው ላይ ምስርና ጎመን አትጫኑበት። ያኔ ለስለስ ያለ ምግብ ነው የሚያስፈልገው፤ የሕክምና ቡድኑ እስኪፈቅድ ይጠበቃል። ሆዱ ያልለመደም ቀስ እያለ ይጨምር፣ ውኃም ይጠጣ።

ጾምን በተመለከተ ቀሳውስቱም ሼሁም እዚህ አሉ፤ ታማሚ አይገደድም፣ ጠይቋቸው። የጾም ምግባችን ጥሩ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየቱ ነው ለከሳ ሰው የማይሆነው። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ደግሞ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ይቅርበት። ይብሰል።

በር ላይ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ የተዘጋጀ አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ተቅማጥ፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ በዚያው ቀን ለነርሷ ይደወል ይላል። ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። ቤታችሁ ያሉትን ጠርሙሶችም በፌስታል ሰብስባችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ አሳዩ፤ አይቆጣም። የተቆጣ እንደሆነ ለእኔ ንገሩኝ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ማይኩ እዚያ ነው።