ሐዋሳ ላይ ለኪራይ የሚሆን ቤት ከመግዛታችሁ በፊት

[ምስል፦ ከታቦር ተራራ ላይ የሚታየው ከተማ፣ ከጀርባው ሐይቁ]

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ላይ ቤት ፈልጋችሁ ደላላ ጋ ስትደውሉ የምትሰሙት ይታወቃል። «ይሄ ሰፈር እሳት ነው፣ ተከራይ ተሰልፎ ነው የሚጠብቀው!» ይሁን። ግን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ተከራዩ ማነው? ሐዋሳስ ምን ሊሠራ መጣ?

እዚህ ከተማ ይህ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ወጣቶች፣ በተለይ ሴቶች፣ ከየገጠሩ ጎረፉ። ደሞዙ ትንሽ ስለሆነ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። በ2014 ግን ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፓርኩን ለቀቀ፣ አሜሪካም ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል፣ አስወጣች። ለፓርኩ ሠራተኛ ብሎ ጓሮው ላይ ሰርቪስ የደረደረ ሰው ኪራዩ የተንጠለጠለው ዋሽንግተን ላይ በሚወሰን ነገር ነው።

የመንግሥት ሠራተኛውም እንደዚያው። ሲዳማ በ2012 ክልል ሲሆን ሐዋሳ ዋና ከተማው ሆነች። በ2015 መጨረሻ ደግሞ የቀድሞው ደቡብ ክልል ሲከፈል ቢሮዎቹ ወላይታ ሶዶንና ሆሳዕናን ወደመሳሰሉ ከተሞች ሄዱ። አንዱ ይመጣል፣ አንዱ ይሄዳል።

[ምስል፦ መብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ «የሚከራይ ቤት»]

ታዲያ ፍላጎቱን እንዴት እንለካ? ባጃጅ ያዙና ሰፈሩን ዙሩ። ምሰሶ ላይ የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች ፎቶ አንሱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውሉ። «ቤቱ አለ?» «አለ!» ካሏችሁ፣ ዋጋው የተጠየቀ እንጂ የተከፈለ አይደለም። የሰፈሩን ባለሱቅ አናግሩ፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ከሱ የሚያመልጥ የለም። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣም እሱን ጠይቁ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዳችሁ መብራት የበራባቸውን መስኮቶች ቁጠሩ። መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ድርድሩ። ባለቤቱ «ጎረቤቴ በዚህን ያህል ሸጠ» ይላል። እናንተ ከኪራዩ ተነሱ። ለምሳሌ አራት ክፍል፣ እያንዳንዱ 3,000 ብር፣ በወር 12,000። ባዶ የሚሆንበትንና የጥገናውን አስቡና ዓመቱን አሥር ወር አድርጉት፤ 120,000። የተጠየቀው 3.6 ሚሊዮን ከሆነ ገንዘባችሁ የሚመለሰው በ30 ዓመት ነው። ይህን ሒሳብ በወረቀት ጽፋችሁ ባለቤቱ ፊት አስቀምጡ። ከክርክር ይልቅ ወረቀት ይሠራል። የመጨረሻ ዋጋችሁን ግን ለደላላው አትንገሩ። እሱ የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነው።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ካርታው ላይ እዳና እገዳ አለመኖሩን አጣሩ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጥቶ የቀረ ገንዘቡን ያጣል፣ ተቀብሎ የካደ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን።

[ምስል፦ የግቢ በር፣ ቁልፍ የያዘ እጅ]

ከተከራይ ጋር ሲሆን ብዙዎቻችን በግትርነት እንከስራለን። አንዲት መምህርት መጣች እንበል። «ጋሼ፣ 10,000 በዛብኝ፣ 9,500 ያድርጉልኝ።» «የኔ ልጅ፣ አይሆንም።» ሄደች። ቤቱ ሁለት ወር ጾሙን አደረ፤ 20,000 ብር ጠፋ። ቅናሹ በዓመት 6,000 ብቻ ነበር! ቀንሱ፣ ግን በለውጡ አንድ ነገር ውሰዱ፦ ረዘም ያለ ውል፣ ወይም ቀለሙን እሷ ታስቀባ።

አዋጅ 1320/2016 የኪራይ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚመርጧቸው ከተሞች ነው። ከመፈራረማችሁ በፊት የከተማውን ቤቶች ቢሮ ጠይቁ።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ደግሞ የመብራት ሒሳቡ እንዴት እንደሚካፈል ውሉ ላይ ይጻፍ። በምጣድ ምክንያት ስንት ግቢ ተኳርፏል!